ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ ለምን ይጠበቃል?

ከደብረ ማርቆስ አንዲት መምህርት ጥያቄ ልካልኛለች። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «ታሪክ ነው የማስተምረው። ለተማሪዎቼ የለገሃርን ጣቢያ ፎቶ ሳሳያቸው አንዱ ልጅ እጁን አወጣና ‹ባቡር ካልመጣበት ለምን አያፈርሱትም?› አለኝ። የሰጠሁት መልስ እኔንም አላጠገበኝም። ሌላም ነገር አለ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ የቆየ የድንጋይ ቤት አለ። ኮሚቴ ተቋቁሞ ቤተ መጻሕፍት ሊያደርገው ነው፤ እኔም አባል ነኝ። ‹እናድሰዋለን› ብለው የሲሚንቶ ልስን፣ የአልሙኒየም መስኮትና ኳርትዝ ቀለም አስበዋል። ይሄ ጥሩ ነው ወይስ ጥፋት? እንደ ለገሃር ያለ የቆየ ቤትስ እንዴት ነው የሚጠበቀው?»

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽ ሁለት ይመስላል እንጂ አንድ ነው። ልጁ ቤቱ ለምን ይቁም ይላል። አንቺ ደግሞ እንዴት ይቁም ትያለሽ። የልጁን ሳንመልስ ወደ ሲሚንቶው ብንገባ ኮሚቴውን ማሳመን ያቅትሻል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የቆዩ ሕንፃዎችን በመጠገን ነው። የተወለድኩት ግን እዚያው ጎጃም፣ የጁቤ አካባቢ ነው። እንደምታውቂው በእኛ አገር «ባቡር ደርሼ ልምጣ» ያለች ሴት እህል አሸክማ ወፍጮ ቤት እየሄደች ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ ባቡር ማለት የሚፈጭ ነገር ብቻ ነበር። የሚሄደውን ባቡር የነገረኝ አያቴ ነው። ሲራራ ነጋዴ ነበር። ከባሶ ገበያ ማርና ቆዳ በበቅሎ ጭኖ፣ ዓባይን በመልካ ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። ሲመለስ አቡጀዲና ሚስማር ይዞ ይመጣል። «ዕቃው ከባሕር እስከ አዲስ አበባ በብረት መንገድ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ እኛ ነን» ይለኝ ነበር።

ለልጁ መጀመሪያ ይሄን ንገሪው። ሐዲዱ ዓባይን አልተሻገረም። በሐዲዱ የመጣው ነገር ግን ተሻግሯል። ደብረ ማርቆስ መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን የቤቱ ክዳን ሣር ነው። ቆርቆሮው የመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ በፉርጎ ተጭኖ። ቀሪውን መንገድ በቅሎና የሰው ትከሻ ጨረሰው። የዓባይን በረሃ በእግሩ ወርዶ የወጣ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ወደ ታሪኩ። አንድ የተለመደ ስህተት አለና እሱን አርሚላቸው። ብዙ ሰው የለገሃርን ሕንፃ ምኒልክ ያሠሩት ይመስለዋል። አይደለም። ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ከዓድዋ ሁለት ዓመት በፊት። የወሰደው አማካሪያቸው የነበረው የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ሊዮን ሼፍኔ የሚባል ፈረንሳዊም አብሮት ነበር። እቅዱ ትልቅ ነበር። መጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያ ከእንጦጦ ከፋ፣ አልፎም እስከ ነጭ ዓባይ።

ሥራው በ1890 ተጀመረ። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። ባቡር እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም። ሐዲዱን እስከ ሐረር ለማውጣት የሚጠይቀው ገንዘብ ከአቅም በላይ ሆነ፤ ስለዚህ መስመሩ በቆላው በኩል ተላከ። በታኅሣሥ 1895 ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ካለ ሜዳ ደረሰ። ያ ሜዳ ነው ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው። መጀመሪያ ላይ አዲስ ሐረር እስከ መባል ደርሶ ነበር። አንድ ትልቅ ከተማ የተወለደው ባቡር ዳገት ስላቃተው ነው። ይሄን ለተማሪዎችሽ ስትነግሪያቸው ዓይናቸው ይበራል። እኔ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

ከዚያ ገንዘቡ አለቀ፤ ኩባንያውም ወደቀ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በባቡሩ ላይ ተሻኮቱ። በ1900 አዲስ ፈቃድ የተሰጠው ለንጉሡ ሐኪም ለዶክተር ቪታልየን ነው። የጓዴሎፕ ሰው፣ ጥቁር ሐኪም ነበር። ሥራው እንደገና ቀጠለ። ምኒልክ ግን በ1906 ዓ.ም. አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ያን ሁሉ ዓመት የለፉበትን ባቡር በከተማቸው ቆሞ አላዩትም። አሁን በፎቶ የምታሳዪው ሕንፃ ደግሞ የተመረቀው ባቡሩ ከገባ ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1922 ዓ.ም. በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ መስመር መጨረሻው እሱ ነው። ስሙም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» መጣ፤ ጣቢያው ማለት ነው። አፋችን ለገሃር አደረገው።

የጎጃም ስምም እዚያ አለ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ አብረዋቸው ነበሩ። ጉዟቸው በዚሁ ባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ያው ባቡር ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ ወደ ስደት ወረደ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የቆመው ለ1923ቱ የዘውድ በዓል ነው። ጣልያን ነቅሎ ሮም ወሰደው። ዘርዓይ ደረስ የተነሳው እዚያ፣ ያንን አንበሳ ሲያይ ነው። አንበሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ልጁ «ለምን አያፈርሱትም» ካለሽ አንበሳው የተመለሰው ወደ ምን እንደሆነ ጠይቂው። ጣቢያው ከፊቱ ባይኖር አንበሳው የአንድ አደባባይ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ባቡሩ ለምን ቀረ ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር 1.435 ሜትር ነው። አንዱ በሌላው ላይ አይሄድም። አዲሱ የአዲስ አበባ ጣቢያም ከከተማው ዳር፣ ለቡ በኩል ሆነ። መሐል ከተማ ያለው አሮጌው ጣቢያ ያለ ባቡር ቀረ።

አሁን የልጁን ጥያቄ በቁም ነገር ልያዘው፤ ጥሩ ጥያቄ ነውና። ኒውዮርክ ውስጥ ፔንስልቬንያ ጣቢያ የሚባል በጣም ያማረ ሕንፃ ነበር። ልክ እንደ ተማሪሽ ያሰቡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ማፍረስ ጀመሩ። ከተማው ደነገጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቆዩ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ጣቢያው ግን አልተመለሰም። ማንቸስተር ውስጥ ደግሞ ሊቨርፑል ሮድ የሚባል ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1830 የተከፈተ፣ እስከ ዛሬ ከቆሙት የመንገደኛ ጣቢያዎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። መንገደኛ ያስተናገደው ለ14 ዓመት ብቻ ነው፤ በ1844 መንገደኛው ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ። ከዚያ ከ130 ዓመት በላይ የዕቃ ማራገፊያ ሆኖ አገለገለ። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሳይንስ ሙዚየም አካል ሆነ። ያተረፈው ውበቱ አይደለም። ያተረፈው ሥራ አለመፍታቱ ነው። ሰው የሚገባበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይ ሰው አለው። የተቆለፈ ቤት የሚያፈሰው ለብቻው ነው።

ይበልጥ ልብ የሚነካኝ ግን የጎረቤታችን ነገር ነው። ከምጽዋ አስመራ ያለው ባቡር በጦርነቱ ወድሞ ነበር። ሐዲዱን ነቅለው ምሽግ ሠርተውበታል። ኤርትራ ነፃ ከወጣች በኋላ መስመሩን እንደገና ለመሥራት ሲወሰን የተጠሩት ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ናቸው። ሽማግሌዎች። ብረቱን ከየምሽጉ አውጥተው ቀጥ አድርገው መልሰው ዘረጉት። እ.ኤ.አ. በ2003 ባቡሩ አስመራ ደረሰ። ያን ሥራ የሚያውቅ ወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ አይሠራም ነበር። የሚያውቁት እጆች ገና በሕይወት ነበሩ።

ስለዚህ ጣቢያ መጠበቅ ሲባል ፊት ለፊት የሚታየውን ግድግዳ ቀለም መቀባት አይደለም። እኛ አገር በብዛት የምናጠፋው እዚህ ላይ ነው። ጣቢያ ማለት አንድ ሕንፃ አይደለም። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ይጠጣል፤ ብዙ ውሃ። መስመሩ የሚያልፈው በበረሃ ነው። በየመንገዱ ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ብዙዎቹ የተተከሉት ባቡሩ ውሃ እንዲያገኝ ነው። የውሃ ማጠራቀሚያው ከፈረሰ ጣቢያው ለምን እዚያ እንደቆመ የሚነግርሽ የለም። ባቡሩ በድሮ ጊዜ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያው አጠገብ ያለው የድሮ ሆቴል ከዚያ የመጣ ነው። እሱን ከጣቢያው ለይተሽ ብታይው ተራ ሆቴል ነው። የዕቃ መጋዘኑ፣ የሠራተኛው ቤት፣ ቴሌግራፉ፣ የባቡር መጠገኛው፣ ሐዲዱ ራሱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ናቸው። ድሬዳዋ ያለውን የጥገና ወርክሾፕ ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። የብረት መቁረጫና ማለስለሻ ማሽኖቹ የአንድን ሰው ዕድሜ አልፈዋል። አጠገባቸው የሚቆመው ሠራተኛ ግን የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ይነግርሻል።

ወረቀቱንም አትርሺ። የጉዞ መዝገቡ፣ የደመወዝ ሊስቱ፣ የጭነት ደረሰኙ፣ ቲኬቱ። ሕንፃ ለማደስ የገቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት «ቆሻሻውን አውጡ» ማለት ነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ወረቀቱ በጋሪ ወጥቶ ይቃጠላል። የግድግዳው ስንጥቅ ከርሞም ይጠገናል። የተቃጠለው መዝገብ ግን የአያቴን ማርና ቆዳ ማን እንደላከው ይዞ ሄዷል።

ይሄ ሁሉ የአንቺንም ቤት ይመለከታል። እሺ፣ አሁን ወደ ሲሚንቶው።

መጀመሪያ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ እወቂ። ልስኑ ከተላላጠበት ቦታ በድንጋዮቹ መሐል ያለውን ማያያዣ በሚስማር ጫሪው። ሚስማሩ ምንም ካልበጣው፣ መልኩም ግራጫ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ሰው ሲሚንቶ አግብቶበታል። ለስለስ ብሎ ከተፈረፈረ ወይ ኖራ ነው ወይ ጭቃ። አንድ ሎሚ ቁረጪና ጠብ አድርጊበት። ኖራ ያለበት ከሆነ ይንተከተካል፤ አረፋው በዓይን ይታያል፤ ጆሮሽን ካስጠጋሽ ይሰማል። ጭቃ ከሆነ ዝም ይላል። በእኛ በኩል ብዙ ጊዜ የማገኘው ሁለቱን አንድ ላይ ነው። ድንጋዩ በጭቃ ተያይዞ በላዩ ላይ በኖራ የተለሰነ። ተማሪዎችሽን ይዘሽ ሂጂና እነሱ ፊት አድርጊው። ከየትኛውም የላቦራቶሪ ሙከራ የበለጠ ያስታውሱታል።

ሲሚንቶ ለምን ጥፋት እንደሚሆን የተማርኩት በገዛ እጄ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቅ የድሮ ጣቢያ ግቢ ውስጥ አንድ የሠራተኛ ቤት እንድናድስ ተሰጠን። ወጣት ነበርኩ፤ ጊዜውም ግንቦት ነበር። ክረምት ሳይገባ ጨርሱ ተባልን። የኖራ ልስን ጊዜ ይፈልጋል። በሲሚንቶ እንለስነው ሲባል ፈረምኩ። ቤቱ አማረ። ተመረቀ፤ ተጨበጨበ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ለሌላ ሥራ እዚያ ስሄድ ጎራ አልኩ። ግድግዳውን በጣቴ አንጓ ኳ ኳ ሳደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ። ውስጡ ክፍት ነው ማለት ነው። አብሮኝ የነበረው ግንበኛ በመሮ ጠርዙን ነካው። ምጣድ የሚያክል ልስን ሳይሰበር እንዳለ ወረደ። ጀርባው እርጥብ ነበር። ጥር ነው፤ ዝናብ ከቆመ ወራት አልፎታል። ከኋላው የነበረው ድንጋይ በነጭ ጨው ተሸፍኗል። እጄን ሳሳርፍበት የድንጋዩ ፊት እንደ ዱቄት መዳፌ ላይ ቀረ። ግንበኛው «ጋሼ፣ ግድግዳው እኮ አልቦታል፤ መተንፈሻ አሳጥተነዋል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወርክሾፕ ተካፍያለሁ፤ ከእሱ በተሻለ ያስረዳኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ከታች ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ከላይ ዝናብ ይጠጣል። ኖራና ጭቃ ያንን እርጥበት መልሰው ወደ ውጭ ያወጡታል። ክረምት ይጠጣል፤ በጋ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ስትለስኚበት መውጫውን ዘጋሽው። መግቢያው ግን ብዙ ነው። ውሃው ውስጥ ይከርማል፤ ጨዉን ይዞ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ከላይ ኳርትዝ ወይም ፕላስቲክ ቀለም ከጨመርሽ ደግሞ በሽታው እስኪፈነዳ ድረስ አይታይም። ጎንደር ፋሲል ግቢ በጣልያን ዘመን በሲሚንቶ የተደረጉ ጥገናዎች ነበሩ። በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ያንን እየነቀሉ በኖራ መመለስ ነበረባቸው። ኮሚቴው «እንዲያው ሰው የሚያወራው ነው» ካለሽ ይሄን ንገሪያቸው።

ኖራ ደግሞ የሩቅ ነገር አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ ስትወርጂ በገደሉ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቃጠል ኖራ ይሆናል። ውሃ ሲገባበት ይፈላል። በዚህ ጊዜ ልጆች አጠገቡ እንዳይደርሱ፤ ዓይን ያጠፋል፤ ሠራተኞቹም ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ተሸፍኖ ቢያንስ ጥቂት ወር ይክረም። በቆየ ቁጥር እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ለልስን አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ። ስስ ስስ አድርጎ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ነው የሚለሰነው። ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ይንጠልጠልበት። የሚጠነክረው ከአየር ጋር እየተዋሃደ ስለሆነ ይዘገያል። ስለዚህ ሥራው ከጥቅምት በኋላ ተጀምሮ ዝናቡ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ማለቅ አለበት። ለሳኙን ስትመርጡ ዋጋውን ብቻ አትዩ። ኖራ የሠራ ሽማግሌ ካለ እሱን ፈልጉና ወጣቶቹን አብራችሁ አሰማሩ። የምጽዋውን ባቡር ሽማግሌዎች አስቢ።

መስኮቱን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለኝ። አልሙኒየም አይግባ። የድሮው መስኮት ጥድ ወይም ዋንዛ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው የታችኛው እንጨት ብቻ ነው። አናጢ ያችን ብቻ ቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት ይቀጥላል። ማጠፊያው ካለ ይጸዳ፤ ዘይት ይቀባ። አንድ ዛፍ በዝግታ አድጎ የሰጠውን እንጨት አውጥቶ መጣል አግባብ አይመስለኝም። ደግሞ ከአልሙኒየሙ ይረክሳል።

ከሁሉም በፊት ግን ጣሪያው። ሌላ ነገር ለማድረግ ገንዘብ ባይኖራችሁ ጣሪያውንና አሸንዳውን አስተካክሉ። አሸንዳው ከግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ፣ በላይ ላይ የምታደርጉት ሁሉ ከንቱ ነው። ዙሪያውን ውሃ ማራቂያ ቦይ ቆፍሩ። አፈሩ ከጊዜ ብዛት ተከምሮ የግድግዳውን እግር ቀብሮት ከሆነ ዝቅ አድርጉት። ለአንድ የቆየ ቤት ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት አላውቅም። ሪባን ስለማይቆረጥበት ግን ማንም አያስታውሰውም።

ፈቃድም አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን መጠገን ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል። ቤቱ ተመዝግቦ እንደሆነ ከከተማችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ካልተመዘገበ እንዲመዘገብ አመልክቱ። ይሄ ሥራውን ያዘገየዋል ብለው የሚያጉረመርሙ ይኖራሉ። ይዘግይ። ሲሚንቶ ነው የሚቸኩለው።

ቤተ መጻሕፍት ለማድረግ ማሰባችሁ ግን ደስ ብሎኛል። ማንቸስተርን ያተረፈው ይሄው ነው። መደርደሪያዎቹን ግድግዳው ላይ አትለጥፏቸው፤ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጓቸው፤ መጽሐፉም አይሻግት፣ ግድግዳውም ይተንፍስ። ከባዱን መጽሐፍ ምድር ላይ እንጂ ፎቅ ካለው ፎቁ ላይ አታውጡ። አንድ ጥግ ደግሞ ለቤቱ ለራሱ ተዉ። ማን ሠራው፣ ማን ኖረበት፣ ቆርቆሮው በየት በኩል መጣ። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ዛሬውኑ ቅረጿቸው።

ሌላው ልጅ «ጎጃምስ ጣቢያ አላት ወይ?» ሊልሽ ይችላል። በብሔራዊ የባቡር እቅድ ካርታ ላይ ፍኖተ ሰላምን፣ ባሕር ዳርን፣ ወረታንና ወልድያን የሚያገናኝ መስመር ተሥሎ አይቻለሁ። እስኪመጣ ድረስ ግን የጎጃም ጣቢያዎች መልካዎቹና ድልድዮቹ ናቸው። የአገሩ ዕቃና ሰው የቆመውና የተሻገረው እዚያ ነው። ከሞጣ በታች ያለው ሰባራ ድልድይ አለ። ከደጀን በታች ደግሞ አሮጌው የዓባይ ድልድይ አለ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ከጎኑ ተከፍቶ ሥራውን ተረክቦታል። አሮጌው ግን አሁንም ቆሟል። ልጆቹ «ይሄስ ለምን አይፈርስም?» ብለው ሲጠይቁሽ ስለ ለገሃር የነገርሻቸውን ራሳቸው ይመልሱልሽ ይሆናል።

ለኮሚቴው የምትጽፊውን ደብዳቤ እኔም አየዋለሁ፤ ላኪልኝ። ከዚያ በፊት ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። አራቱንም ማዕዘን ከውጭ ፎቶ አንሺ፤ በተለይ አሸንዳው የሚወርድበትን ሥር። ሎሚው ተንተከተከ ወይስ ዝም አለ፣ ከየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሆነ ጽፈሽ ንገሪኝ። ያ እጁን ያወጣው ልጅ ደግሞ ሜትር ይዞ እያንዳንዱን በርና መስኮት ይለካ፤ በደብተሩም ይሣለው። የለካው ቁጥር ለአናጢው ያስፈልጋል። የአሸንዳውን ፎቶ ግን ሰኔ ሳይገባ ላኪልኝ።